ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደው መንገድ

ንግሥት እሌኒን የማያውቅ ሰው እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። ደመራ በተለኮሰ ቁጥር ስሟ ይነሳል፤ የዕጣኑ ጢስ ያመለከታትን ቦታ አስቆፍራ፣ ተቀብሮ የኖረውን መስቀል እንዳገኘች እየሰማን ነው ያደግነው። በስሟ የምትጠራ ደሴት አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል መኖሯን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ዡዋው ዳ ኖቫ በ1502 ሲያገኛት በቅድስቲቱ ስም እንደሰየማት ይነገራል። እንግሊዞች ሴንት ሄሌና ይሏታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህች ደሴትም ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቁፋሮ ተካሄደ። በ2008፣ ገና ለታሰበው ኤርፖርት የሚያገለግል መንገድ የሚያልፍበት መሬት ሲቆፈር የ325 ሰዎች አጽም ወጣ። አብዛኞቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። ኤርፖርቱ ተሠርቶ አለቀ፣ አውሮፕላን አረፈበት፣ ቱሪስት መጣበት። እነዚያ ሰዎች ግን ተመልሰው አፈር እስኪለብሱ 14 ዓመት ጠበቁ። ስለ ኤርፖርቱ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ተቀልዷልም። ስለ ሙታኑ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። የሁለቱ ታሪክ ደግሞ አንድ ነው፤ ተነጥሎ አይነገርም።

ሰው የሚጋዝባት ደሴት

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና ከአንጎላ ወደ ምዕራብ ሂዱ። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ። ከአፍሪካ ዳርቻ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ስትርቁ፣ ካርታውን ደጋግማችሁ ካላሰፋችሁት የማትታይ ነጥብ ታገኛላችሁ። ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ጊዜ ትገባለች። ነዋሪዋ ወደ 4,500 ይጠጋል። የቅርብ ጎረቤቷ አሴንሽን የምትባል ሌላ ደሴት ስትሆን እሷም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

እንግሊዞች ከ1659 ጀምሮ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አማካይነት ሰፈሩባት። ከእስያ የሚመለሱ መርከቦች ውኃና ስንቅ የሚሞሉባት ማረፊያ ሆነች። ርቀቷ ደግሞ ለሌላ ሥራ ተስማሚ አደረጋት፦ ለግዞት። አጥር አያስፈልጋትም፤ ውቅያኖሱ አጥሯ ነው። በ1815 ናፖሊዮን ቦናፓርት ወደዚያ ተጋዘ፤ በ1821 እዚያው ሞተ። በ1890 የዙሉው ንጉሥ ዲኑዙሉ ተላከ፤ ሰባት ዓመት ቆየ። ከ1900 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካው ጦርነት የማረኳቸው ወደ 6,000 የሚጠጉ ቦዌሮች ታሰሩባት። ኩባንያው ራሱ ከማዳጋስካርና ከእስያ በባርነት ያመጣቸው ሰዎች፣ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች፣ የአውሮፓ ወታደሮችና ሰፋሪዎች ተዋልደው የዛሬውን የደሴቲቱን ሕዝብ ፈጠሩ። ራሳቸውን «ሴይንትስ» ይላሉ፤ ቅዱሳን እንደማለት።

የናፖሊዮንን መቃብር ትንሽ እናቆየው፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞት ድንጋዩ ላይ ምን ስም ይጻፍ በሚለው ፈረንሳዮቹና እንግሊዛዊው ገዥ አልተስማሙም። ስለዚህ ምንም ሳይጻፍበት ቀረ። በ1840 ፈረንሳይ መርከብ ልካ አስከሬኑን አስወጣች፣ በታላቅ ክብር ፓሪስ አስገባች። መቃብሩ ባዶ ቀረ። በ1858 ግን ፈረንሳይ ቦታውንና የኖረበትን ቤት ገዛች፤ እስከ ዛሬም የእሷ ንብረት ናቸው። ማንም የሌለበት፣ ስም ያልተጻፈበት መቃብር ታጥሮ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ አበባው ተኮትኩቶ ይኖራል።

የሩፐርት ሸለቆ

ናፖሊዮን ከደሴቲቱ በወጣበት በዚያው በ1840 ሌሎች ሰዎች መግባት ጀመሩ።

እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከለችው በ1807 ነው። ከዚያ በኋላ የባሕር ኃይሏ በአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እየተዘዋወረ ባሪያ የጫኑ መርከቦችን ይይዝ ነበር። ወደ ብራዚልና ወደ ኩባ የሚደረገው ንግድ ግን ገና ጦፎ ነበር። በ1840 ሴንት ሄሌና ላይ የተያዙትን መርከቦች ጉዳይ የሚያይ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መርከቡ ይያዛል፣ ወደ ደሴቲቱ ይጎተታል፣ ፍርድ ቤቱ መርከቡን ይወርሳል፣ ታጭቀው የነበሩት ሰዎች «ነፃ ወጥታችኋል» ይባላሉ።

ነፃ ወጥተው ወዴት? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ከዋና ከተማዋ ከጄምስታውን አጠገብ፣ በአንድ ተራራ ብቻ የምትለይ፣ ደረቅና ጠባብ ሸለቆ አለች፤ ሩፐርት ትባላለች። መርከቦቹ ያመጧቸው ሰዎች እዚያ ነበር የሚሰፍሩት። ከመርከቡ ሲወርዱ ብዙዎቹ ሞት አፋፍ ላይ ነበሩ፤ ተቅማጥ፣ ፈንጣጣ፣ ረኃብ፣ በዚያ ላይ ለሳምንታት ተጠፍጥፈው የተጫኑበት ጭለማ። በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ25,000 በላይ ሰዎች በደሴቲቱ በኩል አለፉ። ወደ 8,000 የሚሆኑት እዚያው ሞተው ተቀበሩ።

የተረፉትስ? ወደ አገራቸው የመለሳቸው የለም። አብዛኞቹ እንደገና መርከብ ላይ ተጭነው ወደ ጃማይካ፣ ወደ ትሪኒዳድ፣ ወደ እንግሊዝ ጉያና በጉልበት ሠራተኝነት ተላኩ። ጥቂት መቶዎች ደሴቲቱ ላይ ቀሩ። ሸለቆውም ቀስ በቀስ ተረሳ። በኋላ ቤት ተሠራበት፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ቆመበት፣ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ተተከለበት። ነዋሪዎቹ መሬቱ መቃብር መሆኑን በወሬ ያውቁ ነበር፤ ለግንባታ ሲቆፈር አጥንት የወጣበት ጊዜም ነበር። ምልክት ግን አልነበረውም።

መርከቧና መነጠሉ

ኤርፖርት ለምን አስፈለጋቸው የሚለውን ለመረዳት ያለ ኤርፖርት እንዴት ይኖሩ እንደነበር ማየት ይበጃል። ከ1990 ጀምሮ ደሴቲቱን ከዓለም ጋር የምታገናኘው «አርኤምኤስ ሴንት ሄሌና» የምትባል አንዲት መርከብ ነበረች። ሰውም ጭነትም ፖስታም ትይዛለች። ከኬፕታውን ተነስታ ለመድረስ አምስትና ስድስት ቀን ይፈጅባታል፤ የምትመጣው ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ነው። ድንችና ሽንኩርት በእሷ፣ መድኃኒት በእሷ፣ የመኪና መለዋወጫ በእሷ።

አስቡት እንግዲህ። እንግሊዝ አገር ወይም ፎክላንድ ደሴቶች ሄዳችሁ ትሠራላችሁ፤ እናታችሁ ማረፏን በስልክ ትሰማላችሁ። ቀብር መድረስ የሚባል ነገር አይታሰብም። ሰልስቱም፣ አርባውም ሊያልፍ ይችላል። እኛ ለቅሶ ለመድረስ ሌሊት በአውቶቡስ የምንጓዝ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም።

በዚያ ላይ የ1981ዱ የእንግሊዝ የዜግነት ሕግ ሴይንትስን እንግሊዝ አገር የመኖር መብት ነፈጋቸው። ለዘመናት የእንግሊዝ ባንዲራ የሚሰቀልባቸው ሰዎች፣ ባንዲራው ወደመጣበት አገር መግባት ተከለከሉ። መብቱ የተመለሰው በ2002 ነው። ወዲያው ወጣቱ መሄድ ጀመረ። ደሴቲቱ እያረጀች፣ ከለንደን በሚመጣ የዕርዳታ ገንዘብ እየኖረች ቀጠለች። ለንደንም ሒሳብ ሠራች፦ ኤርፖርት ቢሠራ ቱሪስት ይመጣል፣ ገቢ ይገኛል፣ ዕርዳታው ይቀንሳል። በ2005 ኤርፖርት እንደሚሠራ ተነገረ። የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ነገሩ ታገደ፤ በ2010 እንደገና ተፈቀደ፤ በ2011 መጨረሻ ባዚል ሪድ ከተባለ የደቡብ አፍሪካ ተቋራጭ ጋር ውል ተፈረመ።

ቁፋሮው

ለኤርፖርቱ የተገኘው ሜዳማ ቦታ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ፕሮስፐረስ ቤይ በሚባል ሜዳ ላይ ነው። ከባድ ማሽንና ሲሚንቶ የሚወርድበት ምቹ ዳርቻ ግን የሩፐርት የባሕር ወሽመጥ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ተነስቶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ፣ ተራራውን ዞሮ ወደ ሜዳው የሚወጣ መንገድ ያስፈልጋል። መንገዱ በመቃብሩ ላይ እንደሚያልፍ ስለታወቀ፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ተጠሩ። የእንግሊዙ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2008 መንገዱ የሚነካውን ክፍል ቆፈረ።

የተገኙት 325 ሰዎች ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ፣ አንዳንዴም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው የተቀበሩ ነበሩ። ከመቶ 83ቱ ሕፃናት፣ ታዳጊዎችና ገና ወጣቶች ናቸው። ነጋዴው የሚፈልገው ዕድሜ እሱ ነበራ። ከልጆቻቸው ጋር የተቀበሩ የሚመስሉ እናቶች ነበሩ። በሳጥን የተቀበሩት አምስት ብቻ ናቸው፤ አንድ ታዳጊ፣ አራት ደግሞ ሞተው የተወለዱ ወይም እንደተወለዱ የሞቱ ጨቅላዎች። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ለእነዚያ ጨቅላዎች ሳንቃ ፈልጎ ሳጥን ሠርቶላቸዋል።

ከአጽሞቹ ጋር ዶቃና አምባር ተገኘ። መርከብ ላይ ሲጫኑ ሰውነታቸው ሁሉ እንደሚበረበር እናውቃለን፤ እንዲህም ሆኖ የአንገታቸውን ዶቃ ይዘው እስከ መቃብር የደረሱ ነበሩ። ስም ወይም ቁጥር የሚጻፍባቸው ትናንሽ የብረት መለያዎችም ወጥተዋል። ከየት እንደመጡ ለማወቅ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። በ2023 የታተመ የዘረመል ጥናት ሃያ ሰዎችን መርምሮ ከሰሜን አንጎላ እስከ ጋቦን ካሉ ሕዝቦች ጋር በጣም እንደሚቀራረቡ አሳየ። ሃያዎቹ እርስ በርሳቸው ዝምድና አልነበራቸውም። ስማቸውን ግን ዘረመል አይናገርም።

ስም ሲቀር

ይህ ታሪክ የምዕራብ አፍሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1888 «ኦስፕሬይ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ውስጣቸው የነበሩት ከእኛው አገር የተወሰዱ የኦሮሞ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። መጀመሪያ ኤደን ተወሰዱ። ከእነሱ ውስጥ 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። እነሱንም ያኔ ወደ አገራቸው የመለሳቸው የለም፤ የነፃ አውጪዎቹ ልማድ ያው ነው። ልዩነቱ፣ እነዚህን ልጆች ቁጭ አድርጎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። የማን ልጅ ናችሁ? መንደራችሁ የት ነው? ማን ወሰዳችሁ? በየት በኩል? መልሳቸው ተጽፎ ተቀመጠ።

ከእነሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር የታወቀ የአፓርታይድ ተቃዋሚ ሆኖ ሮበን ደሴት ላይ ከማንዴላ ጋር አሥር ዓመት ታስሯል። ዛሬ ስለ ቢሾ ማውራት የምንችለው አንድ ሰው ስሟን ስለጻፈ ነው። ሩፐርት ሸለቆ ውስጥ የተኙትም እንደ እሷ የማን ልጅ መሆናቸውን የሚያውቁ፣ የመንደራቸውን ወንዝ ስም የሚጠሩ ልጆች ነበሩ።

ንፋሱ

ወደ ኤርፖርቱ እንመለስ። በ2012 ማሽን የጫነችው መርከብ ሩፐርት ደረሰች፤ ሥራው ተጀመረ። ማኮብኮቢያውን ለማስረዘም ከመቶ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ገደል ወደ 8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በሚሆን ድንጋይና አፈር ተሞላ። በሴፕቴምበር 2015 የመጀመሪያዋ ትንሽ አውሮፕላን አረፈች። በሜይ 2016 የንግሥቲቱ ልጅ መጥቶ እንዲመርቀው ቀን ተቆረጠ።

ከምረቃው አንድ ወር ቀደም ብሎ ቦይንግ 737 ለሙከራ መጣ። ያኔ ነው ጉዱ የፈላው። ማኮብኮቢያው ከባሕር በላይ 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ገደል አፍ ላይ ነው ያለው። ንፋሱ ከገደሉና በዙሪያው ካሉት አለታማ ኮረብታዎች ጋር እየተላተመ በድንገት ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ይለዋውጣል። ለማረፍ ዝቅ ላለ ትልቅ አውሮፕላን ይህ አደገኛ ነው። ምረቃው ተሰረዘ።

ይህን ንፋስ አስቀድሞ ያየ ሰው ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በ1836 ደሴቲቱን ሲጎበኝ እንዲህ ያለ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። እሱ የቆመበት አየር ጸጥ ብሏል፤ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ግን ወፎች ከኃይለኛ ንፋስ ጋር ይታገላሉ። ወደ አፋፉ ተጠግቶ እጁን ሲዘረጋ ንፋሱ መታው። በእርጋታውና በማዕበሉ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሜትር አይሞላም ነበር። ይህንኑ በጉዞ ማስታወሻው ጽፎ አሳትሟል። ከ180 ዓመት በኋላ ያው ንፋስ 285 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበትን ሥራ አስቆመ።

ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሲካፈል ከ60,000 ፓውንድ በላይ ይደርሳል። የእንግሊዝ ፓርላማ የሒሳብ ኮሚቴ ክፉኛ ተቸ። ጋዜጦችም በዓለም ከሁሉ የማይረባ ኤርፖርት እያሉ ቀለዱ። ቀልዱ ግን ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው ነው የሚያስቀው። በዚያው በ2016፣ መደበኛ በረራ ገና ሳይጀመር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና የመጣች ትንሽ አውሮፕላን አንድ ጨቅላ ሕፃንን ከእናቱ ጋር ወደ ኬፕታውን ወሰደች። በመርከብ ቢሆን አምስት ቀን ይጠብቀው ነበር፤ ያውም መርከቧ ወደብ ላይ ከተገኘች። ለዚያች እናት ኤርፖርቱ የማይረባ ነበር ብሎ የሚነግራት ካለ ይሞክር።

መፍትሔውም መጣ፤ አነስ ያለ አውሮፕላን፣ መቀመጫውን ሁሉ ሳይሞላ፣ ለቦታው ልዩ ሥልጠና በወሰዱ አብራሪዎች። በኦክቶበር 14 ቀን 2017 የኤርሊንክ ኩባንያ ኢምብራየር 190 ከጆሃንስበርግ ተነስቶ በዊንድሁክ በኩል አድርጎ አረፈ። በሳምንት አንድ በረራ ተጀመረ። በፌብሩዋሪ 2018 መርከቧ ለመጨረሻ ጊዜ ስትነሳ ሕዝቡ ወደብ ወጥቶ ሸኛት። መልሕቅ ባነሳች ቁጥር የሚለያዩባት መርከብ ነበረችና ብዙዎች አለቀሱላት።

ግምጃ ቤት ውስጥ

ይህ ሁሉ ሲሆን 325ቱ ሰዎች የት ነበሩ? ጄምስታውን ውስጥ፣ እስር ቤቱ አጠገብ ባለ አሮጌ መጋዘን፣ በካርቶን ተደርገው ተቀምጠው። ሲወጡ በክብር ተመልሰው ይቀበራሉ ተብሎ ነበር። ዓመት ዓመትን ወለደ። ለማኮብኮቢያው፣ ለመቆጣጠሪያ ማማው፣ ለነዳጅ ማከማቻው ገንዘብ ተገኘ፤ ለእነሱ የሚሆን መቃብር ግን በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ ነበር። የከፋ ሰው ኖሮ አይደለም። የሚጎተጉት ዘመድ ስለሌላቸው ነው። ዘመድ የሌለው ፋይል መሳቢያ ውስጥ እንደሚከርም እኛም አገር የታወቀ ነው።

በመጨረሻ ጎትጓች ተገኘ። አኒና ቫን ኒል የተባለች ናሚቢያዊት በ2012 በኤርፖርቱ ግንባታ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ሆና መጣች። ስለ አጽሞቹ ስታውቅ ዝም ማለት አልቻለችም። ኒው ዮርክ ውስጥ በግንባታ ቁፋሮ የተገኘው የአፍሪካውያን መቃብር እንዲጠበቅ የታገለችው ፔጊ ኪንግ ጆርድ ደሴቲቱ ድረስ መጥታ አገዘቻት። ትግላቸውን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም በ2022 ለዕይታ በቃ፤ «የአጥንቶች ታሪክ» እንደማለት ነው ርዕሱ። ጥያቄያቸው ከባድ አልነበረም፦ ባዶው የናፖሊዮን መቃብር ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ ስምንት ሺህ ሰው ያለበት ሸለቆ ለምን ምልክት እንኳ አይኖረውም? ቦዌሮቹ እስረኞች እንኳ ስማቸው የተጻፈበት የመቃብር ቦታ አላቸው።

በ2022 325ቱ ሰዎች ወደ ሩፐርት ሸለቆ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሳጥን ነበራቸው። ደሴቲቱ ላይ የተሠራ ሳጥን፣ ደሴቲቱ ላይ የሚኖሩ ሰዎች የተሸከሙት። ከሞቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው አፈሩን ያቅልልላቸው የሚል ሰው አገኙ።

ኤርፖርቱ ባይታሰብ መንገዱ አይቆፈርም ነበር፤ መንገዱ ባይቆፈር ሙታኑ ዛሬም ወሬ ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ልማቱን መርገም አይቻልም። ነገር ግን መንገድ የሚሠራ ሁሉ ከሥሩ ያገኘውን ሰው ዕዳ ይረከባል። ያ ዕዳ ከሲሚንቶውና ከነዳጁ ጋር አብሮ በጀት ሊያዝለት ይገባ ነበር። 285 ሚሊዮን ፓውንድ በወጣበት ሥራ ውስጥ የ325 ሰው ቀብር ስንት ይሆን ነበር?

መንገዱ ዛሬም ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ፣ ሸለቆውን ይዞ፣ ተራራውን ዞሮ ወደ ኤርፖርቱ ይወጣል። ቁፋሮው የነካው መንገዱ የሚያልፍበትን ብቻ ስለሆነ፣ ከስምንት ሺዎቹ የሚበዙት ከግራና ከቀኙ እንደተኙ ናቸው።